የጎሚስታ መዝገብ

«ዛሬም ማድረጉ አይቀርም፤ ታያለሽ፤» አለች በቀለች።

አሰግድ ይህን የሰማው በጠዋት፣ ጓሮ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ አልጋው ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሲያደርግ ነው። አንዱን አጥልቆ ሌላው በእጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እህቱ ቧንቧው ዘንድ ቆማ የምታወራው ሰርቪስ ቤቱን ከተከራየችው ከፋጡ ጋር ነበር። ፋጡ ምን ብላ እንደመለሰች፣ ባልዲው ውስጥ የሚወርደው ውሃ እየተንጫጫ አልሰማም። «ቱፋ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደዋል፤ እኛም እናርፋለን፤» ስትል ግን ጥርት ብሎ ገባው። ማድረጉ አይቀርም! ሰው ገና ስላልሆነ ነገር ይህን ያህል እርግጠኛ የሚሆነው ራሱ ሲያዘጋጀው ነው። አሰግድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የስንቱን ሌባ፣ የስንቱን የሐሰት ምስክር፣ የስንቱን ወንድሙን የከሰሰ ወንድም ዶሴ ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ጥርጣሬው ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይወዳል፣ ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም።

የሚያደርገው ነው የተባለው ፍጡር አልጋው ስር አፍንጫውን መዳፉ ላይ አስደግፎ ተኝቷል። ጎሚስታ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከተገኘበት ቦታ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጎሚስታ ቤት ደጃፍ፣ ባጃጅ የኋላ እግሩን ሰብሮት አሮጌ ጎማ መሐል ተወሽቆ አሰግድ አየው። ማለፍ ይችል ነበር፤ ሌላው ሁሉ አልፏል። ውሻው ግን አልጮኸም፣ አላለቃቀሰም፤ ቀና ብሎ ዝም ብሎ አየው፤ ያቺ አስተያየት አንጀቱን በላችው። እጥፍ ከፍሎ በባጃጅ እንስሳት ክሊኒክ ወሰደው። ሐኪሙ ጥርሱን ገልጦ አየና «አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጎዳና ላይ የኖረ ነው፤» ብሎ እግሩን በጀሶ ጠቀለለለት። ጀሶው ቢወልቅም እግሩ አጥሮ እንደሚቀር ነገረው። አሰላ ደግሞ ከመሸ ጅቡ አስፋልቱ ላይ እንደ ሹም ይንጎራደዳል፤ የሚያነክስ ውሻ ውጭ ማሳደር ለጅብ እራት ማቅረብ ነው። ስለዚህ ጎሚስታ ቤት ገባ።

ውሻ ቤት ገባ ማለት በዚያ ግቢ ቀላል ነገር አልነበረም። በቀለች «ማርያም በምትጠራበት ቤት ውሻ አይተኛም፤ ቄሱም ደጃችንን አይረግጡም፤» አለች። ፋጡ «ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም፤» አለች። በሃይማኖት የማይገናኙት ሁለቱ ሴቶች በጎሚስታ ጉዳይ አንድ ሆኑ። እሱም ነገሩን አባባሰው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳሎን፣ ኮሪደር፣ የአሰግድ ጫማ ውስጥ፣ የሟች ሚስቱ የመሰረት ሶፋ ስር፣ ያላጠጣው ቦታ አልነበረም። ከአዳማ ልጁ ፅዮን ደውላ ዘዴውን ያስተማረችው ያኔ ነው። በየሁለት ሰዓቱ አውጣው፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ውሰደው፤ ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ሣር ላይ፣ በእግሩና በአፍንጫው እንዲለየው፤ ሲያደርግ ወዲያው አሞግሰህ ሥጋ ስጠው፤ ቤት ውስጥ ካደረገ ግን አትምታው፣ ዝም ብለህ ጥረግ። አሰግድ እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቃል በቃል ፈጸመው። ጓሮ ያለችው ቁራጭ ሣር ላይ፣ በዝናብም በውርጭም፣ ካፖርቱን ደርቦ ይቆማል። ጎሚስታ እግሩን ሲያነሳ «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» ይላል፤ ከካፖርቱ ኪስ ቋንጣ አውጥቶ ያጎርሰዋል። በቀለች በመስኮት እያየች «ጅማቱ የደረቀ ውሻ ፊደል ይቆጥራል እንዴ?» ትል ነበር። ሮብና ዓርብ ደግሞ «እኛ ሽሮ፣ ውሻው ቋንጣ!» ትላለች። ጎሚስታ ግን በዐሥራ አንደኛው ቀን ፊደሉን ቆጠረ። በሩን ይቧጭራል፣ ይወጣል፣ ሣሩ ላይ ሲደርስ ያሸታል፣ ያደርጋል፣ ከዚያ ዞሮ የካፖርቱን ኪስ ያያል።

አሰግድ ለማንም አይናገረውም እንጂ ያን ውሻ ይወደው ነበር። መሰረት ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጠዋት ተነስቶ ጫማውን የሚያደርግበት ምክንያት ጠፍቶበት ነበር። ጎሚስታ ከመጣ ወዲህ ግን በየሁለት ሰዓቱ የሚፈልገው አንድ ነፍስ አለ። በቀለች ጥሩ ሴት ናት፤ ወጡን ትሠራለች፣ ልብሱን ታጥባለች። ነገር ግን ከእህቱ ጋር ምሳ ሲበሉ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር። ከውሻው ጋር እንኳ የበለጠ ያወራል።

እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ትምህርት በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። መስከረም ዐሥራ ሰባት፣ የመስቀል ዕለት፣ አሰግድ ከመኝታው ሲነሳ ሳሎኑ መሐል፣ ከተጎዘጎዘው ቄጠማ ስር፣ የፕላስቲኩ ምንጣፍ ረጥቦ አገኘው። አንድ ቀን ነው ብሎ አለፈው። ሃያ አንድ ቀን ደግሞ ደገመው። ሃያ ሰባት ቀን ሠለሰው። ጥቅምት ዐሥራ ሁለት አራተኛው ሆነ። በመሐሉ ባሉት ቀናት አንዲት ጠብታ የለችም። አሰግድ የደብተር ሰው ነውና ቀኖቹን ጻፋቸው፤ ጽፎም አፍጥጦ አያቸው። መስቀል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ ሚካኤል። የማን ቀኖች ናቸው? የበቀለች! በእነዚህ ቀኖች በሌሊት የምትነሳው፣ ቤቱን አስተካክላ፣ በሩን ከፍታ ቅዳሴ የምትሄደው እሷ ናት። የአሰግድ መኝታ ቤት በር የሚከፈተው ወደ ሳሎኑ ነው፤ መሸጎሪያው ከወለቀ ስንት ጊዜው፣ ገፋ ላደረገው ሁሉ ይከፈታል። ውሻው ደግሞ ካደረገ በኋላ ጭራውን እግሩ መሐል አይወሽቅም፤ እንዲያውም እየቆላ ነው የሚቀበለው። ጥፋተኛ እንዲህ አይደለም፤ አሰግድ የጥፋተኛ ፊት ያውቃል። ስለዚህ ሆን ብሎ ከክፍሉ የሚያስወጣው፣ ምናልባትም አንድ ነገር የሚያጠጣው ሰው አለ። ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ማታ ከደብተሩ ራስጌ ላይ፣ በዚያ በሚያምር የመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፉ «ተጠርጣሪ፦ ወይዘሮ በቀለች» ብሎ ጻፈ። ከስሩ «ተባባሪ፦ ፋጡ (ይጣራ)» ብሎ ጨመረ።

ደብተሩን አልደበቀውም፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጠዋል። በቀለች ማንበብ አትችልም። በዐሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ጢቾ ሳሉ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ አሰላ ያመጣችው፣ የሰው ልብስ እያጠበች ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ ናት። ትንሽ ልጅ ሆኖ፣ ገና ጢቾ ሳሉ፣ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረውን ማታ ማታ በከሰል በሩ ላይ እየጻፈ ያሳያት ነበር፤ አልዘለቀችበትም፤ ባንክም ቀበሌም እስከ ዛሬ በአውራ ጣቷ ነው የምትፈርመው። ይህን ሁሉ አሰግድ አይረሳም። ቢሆንም ማስረጃ ማስረጃ ነው።

ከሚካኤል ማግሥት ደግሞ ውል ተዋዋሉ። ጥቅምት ሃያ አንድ የበቀለች የማርያም ማኅበር ተራዋ ነው፤ ማኅበርተኞቹ ከነፍስ አባቷ ከቄስ ይበልጣል ጋር ይመጣሉ። እስከዚያ ጎሚስታ አንዴ ቤት ውስጥ ካደረገ፣ በቆጂ በኩል ገብስ የሚያመርተው ደንበኛቸው ቱፋ ይወስደዋል፤ ጎተራው ዘንድ ታስሮ ይጠብቅለታል። አሰግድ በቆጂን ያውቀዋል። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሰንሰለት፣ በሦስት እግር፣ ከጅብ ጋር! ውሻው ሳምንት አይቆይም። ግን ተስማማ፤ ያላጠፋ አይፈራም ብሎ። ዛሬ ያ ሃያ አንድ ነው።

ሁለተኛውን ካልሲ አጥልቆ ውሻውን በጓሮ በር አወጣው። ጎሚስታ ሣሩ ላይ አደረገ፣ ተሞገሰ፣ ጎረሰ። ሲመለሱ አሰግድ ሳሎኑ በር ላይ ቆመ። በቀለች መኝታ ቤቱ በር ስር ጎንበስ ብላ፣ ነጠላዋ ውስጥ ከሸጎጠችው የላስቲክ ጠርሙስ አንድ ነገር እየረጨች ነበር። እጅ ከፍንጅ ማለት ይህ ነው። ሄዶ ጠርሙሱን ከእጇ ወሰደና አሸተተው፤ ምንም አይሸትም።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እትዬ?»

«ጠበል ነው። አምጣ ወዲህ።»

«ለውሻ?»

«ለውሻ!» አለች ቀና ብላ፤ ወገቧን ያዘች። «በዓል በመጣ ቁጥር የሚያብድ ውሻ ጤና ነው? ሰኞ ማክሰኞ ደህና ውሎ፣ ማርያም ስትሆን፣ ሚካኤል ሲሆን። እኔ አላየሁም መስሎህ ነው? የሆነ ነገር አለበት። ቄሱ ከመምጣታቸው በፊት ብረጨው ምን ይጎዳሃል?»

አሰግድ ጠርሙሱን መለሰላት። ጠበልስ ይሁን፤ ግን ቀኖቹን እሷም ታውቃለች ማለት ነው! የሚያውቅ ደግሞ ያቀደ ነው። አጋንንት ብሎ ነገር ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ያለውን መከላከያ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ስንቴ ሰምቷል። ቁርሱን በላ። እሷም ሻዩን ቀዳችለት። ሁለቱም ሰዓቱን አዳመጡ።

«ቄጠማ አልገዛሁም፤» አለች በመጨረሻ። «ትኩሱን እይልኝ፤ ሦስት እስር ይበቃል። ባለፈው ፋጡ ያመጣችልኝ ጠውልጎ ነበር።»

ገበያ መላኳንም ጠረጠረው፤ ከውሻው ልትነጥለው ነው። ስለዚህ ጎሚስታን በገመድ ይዞ ወጣ። ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ጭላሎ ጉሙን እስከ አንገቱ ተከናንቧል። ውሻው እያነከሰ ከጎኑ ሄደ፤ አስፋልት አላረከሰም፣ የሰው አጥር አልነካም፤ ስታዲየሙ አጠገብ ሣር ሲያገኝ ብቻ ቆመ፣ አደረገ፣ ኪሱን አየ። «ጎበዝ!» አለው አሰግድ በኩራት፤ ሁለት ተማሪዎች ዞረው ሳቁ። ገበያው በር ላይ ቄጠማ ይዘው ከወንዝ ዳር የሚመጡት ሴቶች በየእስራቸው ፊት ተደርድረዋል።

«አንዱ ስንት ነው?»

«ስድሳ ብር፣ አባባ።»

«ስድሳ? ሣር እኮ ነው! እግዜር በነጻ ያበቀለው።»

«ያበቀለውማ እሱ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ያጨድኩት እኔ ነኝ፤» አለች ሴትዮዋ፤ አጠገቧ ያሉት ሳቁ።

ሦስቱን በመቶ ሃምሳ ተስማሙ። ሣር ላይ መቶ ሃምሳ ብር አወጣሁ ብሎ እያጉረመረመ ብብቱ ስር ሸጎጠውና ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ጎሚስታ አፍንጫውን እስሩ ውስጥ እየሰካ አስቸገረው። «ተው እንጂ፣ ያንተ አይደለም፤» ይለዋል። በመንገድ ላይ ቱፋ ደወለ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አሰግድ? እኔ ገመድ ይዣለሁ፤ አሥር ሰዓት እደርሳለሁ።» አሰግድ «ገመዱን ትመልሰዋለህ፤ ገና ምን ታይቶ፤» አለው። ድምፁ ግን እንደ አፉ ደፋር አልነበረም።

ግቢ ሲገቡ የፋጡ መጋረጃ ተነቃነቀ። ፋጡ ከጮሌ የመጣች፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የምትውል ሴት ናት፤ አሰግድ ግን በገባ በወጣ ቁጥር ያ መጋረጃ ሲነቃነቅ ያያል። ደጃፏ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ሙሉ አፈር አለ። ለምን? ማንም አትክልት በማይተክልበት ደጃፍ አፈር ምን ይሠራል? ዛሬ የምርመራው የመጨረሻ ቀን ነውና ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ፋጡ፣ ይህ አፈር ምንድን ነው?»

ፋጡ በሩን በግማሽ ከፈተች፤ ዓይኗ ከውሻው አልተነቀለም። «ያ ረቢ፣ ጋሼ፣ ገመዱን ያሳጥሩልኝ። እሱን ብዬ ነው እኮ። ምራቁ ዕቃ ከነካብኝ ሰባቴ ነው የማጥበው፣ አንዱን በአፈር። መስገጃዬ ደግሞ እዚሁ ነው ያለው። ስለዚህ የት እንዳለ ሳላይ አልወጣም።»

«ሁልጊዜ ታይዋለሽ?»

«ምን ላድርግ? የሚፈሩትን ነገር ማየት ነው እንጂ።»

አሰግድ መልሱን አልወደደውም። ውሻውን ቀኑን ሙሉ የሚያይ ሰው፣ ውሻውን ማን እንደሚያስወጣው ያውቃል፤ አውቆ ዝም ካለ ደግሞ ተባባሪ ነው። ደብተሩ ላይ «ይጣራ» የሚለውን በልቡ ሰረዘውና ከመስኮቱ ደፍ አንስቶ ካፖርቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። ዛሬ ማስረጃው አጠገቡ መሆን አለበት። በቀለች ቄጠማውን ተቀብላ አሸተተችው፣ «ትኩስ ነው፣ ተባረክ፤» አለችው፤ ከጠዋት ወዲህ ያወጣችው የመጀመሪያ ደግ ቃል ነበር። ሳሎኑን ሙሉ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በወፍራሙ ጎዘጎዘችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ማኅበርተኞቹ ነጭ በነጭ ሆነው ገቡ። ቄስ ይበልጣል መስቀላቸውን አሳልመው ሶፋው ራስ ላይ ተቀመጡ። «ውሻው ተወሰደ?» ብለው በቀስታ ጠየቁ፤ በቀለች «ዛሬ ነው፣ አባቴ፤» አለች። አሰግድ ውሻውን መኝታ ቤት ዘግቶበት በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ወህኒ ቤት ዘበኛ። ማንም በዚህ በር አያልፍም። ጸሎቱ ረዘመ፤ ጠላው ዞረ፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ አንዷ ልጅ ሠርግ፣ ስለ መብራት መጥፋት ተወራ። ፋጡ እንደ ወትሮዋ ዕቃ በማጠብ ልታግዝ መጥታ፣ የብርጭቆ ትሪ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ከደጃፉ አታልፍም፣ ከውሻው በር ፊት ለፊት ነውና። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። አሰግድም አብሮ ቆጠረ። ውሻው መጨረሻ የወጣው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስምንት ተኩል አለፈ። ዘጠኝ ሆነ። ከጀርባው ቧጨራው ተጀመረ።

መጀመሪያ በቀስታ ነበር፤ ከዚያ በረታ፤ ከዚያ ማልቀስ ተጨመረበት። ማኅበርተኞቹ መተያየት ጀመሩ። አሰግድ በሩን በጀርባው ገፋ አድርጎ ያዘ። ባያወጣው ክፍሉ ውስጥ ያደርጋል፣ ያም ተቆጥሮ ቱፋ ይወስደዋል። ቢያወጣው ደግሞ ወደ ውጭ መውጫው በዚህ ሳሎን ብቻ ነው፤ ጓሮ በሩን በቀለች ከውጭ ድስት አስደግፋበታለች፤ ይህንንም ሆን ብላ ነው! ዳቦው ሊባረክ ቄሱ ተነሱ፤ ሁሉም ተነሳ። «አሜን» እስኪባል ጠበቀ፤ ከዚያ በሩን ከፈተ፣ ገመዱን አጥብቆ ያዘ፣ «ይቅርታ፣ አንዴ አሳልፉን፤» አለ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ጎሚስታ እያነከሰ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ጨዋ ሰው ተከተለው። ከመኝታ ቤቱ ሲሚንቶ ወጥቶ ቄጠማውን ሲረግጥ ግን ቆመ። እግሩን አየ። አሸተተ። አንዴ ዞረ። ከዚያ ቄሱ ፊት፣ ከተባረከው ዳቦ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ያችን አጭር እግሩን አንስቶ፣ በዝግታ፣ እስኪበቃው ድረስ ለቀቀው።

«በስመ አብ!» አሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ። ቄሱ የቀሚሳቸውን ዘርፍ ከፍ አደረጉ። በቀለች የዳቦውን ቢላዋ እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። «አላልኩም?» አለች በለሆሳስ።

ያቺ «አላልኩም» አሰግድን አነደደችው። ገመዱን ለቀቀና ደብተሩን አወጣ፤ መነጽሩን ሳያደርግ፣ በቃሉ የያዘውን አነበበው። «መስከረም ዐሥራ ሰባት፣ መስቀል! ሃያ አንድ፣ ማርያም! ሃያ ሰባት፣ መድኃኔዓለም! ጥቅምት ዐሥራ ሁለት፣ ሚካኤል! ዛሬ፣ ሃያ አንድ! በሌላው ቀን አንዲት ጠብታ የለም፤ ምስክር አለኝ። ውሻ የቀን መቁጠሪያ አያነብም፣ አባ! በእነዚህ ቀኖች ይህን ውሻ የሚያስት ሰው አለ። ጓሮ በሩም ዛሬ በከንቱ አልተዘጋም። ያ ሰው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው፤ እኔ በዓይኔ…» ጣቱ ተነሳ፤ ወደ ዳቦው፣ ቢላዋውን ወደያዘችው እጅ መዞር ጀመረ።

«ጋሼ!» አለች ፋጡ ከደጃፉ። ትሪውን አስቀመጠች። «ጋሼ አሰግድ፣ ሣሩ እኮ ነው!»

«ምን ሣር?»

«ይሄው! የተጎዘጎዘው! ጓሮ ሣር ላይ እንዲያደርግ ያስተማሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔ እሱን ፈርቼ ስጠብቀው ነው የምውለው፤ ከሣር ውጪ የትም አድርጎ አያውቅም። እትዬ በዓል ሲሆን ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ። ለእሱ ሣር ሣር ነው፤ የቤት ይሁን የጓሮ ምን ያውቃል? እስቲ ይዩት፣ ሥጋውን እየጠበቀ ነው።»

ሁሉም ውሻውን አየ። ጎሚስታ እርጥቡ ቄጠማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጭራው ወለሉን እየጠረገ፣ የአሰግድን የካፖርት ኪስ ያይ ነበር። ትምህርቱን በሚገባ ያጠና ተማሪ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። አንዷ ማኅበርተኛ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ አልቻለችም፤ ፈነዳች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቅ ሆነ። ቄስ ይበልጣል ሳይቀሩ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ «ታዲያ ተማሪው ምን አጠፋ? መምህሩን ነው ንስሐ ማስገባት፤» አሉ። አሰግድም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ግን እፎይታ ነበር። ጣቱን አጥፎ ኪሱ ከቷል፤ ደብተሩን ዘግቷል። ስም አልጠራም። ማንም አላወቀበትም። ላም ባልዋለበት አምስት ሳምንት ሙሉ ኩበት ሲለቅም እንደከረመ የሚያውቀው እሱና ደብተሩ ብቻ ናቸው። በቀለች ብቻ አልሳቀችም። የጣቱን አቅጣጫ ያየች እሷ ነበረች።

አሥር ሰዓት ላይ ቱፋ ገመዱን በትከሻው ጥሎ ሲመጣ እንግዶቹ ሄደው ነበር። አሰግድ አፉን ከመክፈቱ በፊት በቀለች በሩ ላይ ቀደመችው፤ ትልቅ ቁራሽ ዳቦ በፌስታል ሰጠችው። «ውሻው አይሄድም፣ ቱፋ። ያስተማሩትን ነው ያደረገው። ለልጆችህ ይቺን ያዝ፤» አለች። ቱፋ ዳቦውን አየ፣ ውሻውን አየ። «ሀየ፣ ከውሻው ዳቦው ይሻለኛል፤» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ከዚያ በቀለች መጥረጊያ አንስታ፣ ያን ጠዋት ያሸተተችውን የመቶ ሃምሳ ብር ቄጠማ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መጥረግ ጀመረች። አሰግድ ሊያግዛት ጎንበስ ቢል በእጇ መለሰችው። «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ቄጠማ አይጎዘጎዝም። እመቤቴ ባዶ ወለል ላይም ትገባለች፤» አለች። ለሰባ ዓመት በዓል ያለ ቄጠማ አክብራ የማታውቅ ሴት ናት። አሰግድ ይህ ለእሱ ሲባል የተደረገ መሆኑ ገባውና ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ግን ይቅርታ ካለ ስለ ምን እንደሆነ መናገር ሊኖርበት ነው።

ጠርጋ ስትጨርስ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «ያን ደብተር አምጣው፤» አለችው።

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ያነበብከውን ሰማሁት። ያላነበብከውን ደግሞ ልስማ። ራሱ ላይ ምን ይላል?»

አሰግድ ደብተሩን ገለጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት አንዲት ቃል ጨምሮ ወይም ቀንሶ አንብቦ አያውቅም፤ በዚህ ይታወቃል። ጉሮሮውን ጠረገ። «የጎሚስታ መዝገብ… ይላል፤» አለ። «በቃ። የውሻው መዝገብ።»

በቀለች እጇን ዘረጋች፤ ደብተሩን ሰጣት። ከዓይኗ አርቃ ያዘችው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። ባንክ የምትፈርምባት አውራ ጣቷ በመጀመሪያው መስመር ላይ በዝግታ ሄደች፤ «ተጠርጣሪ» የሚለውን አለፈች፣ «ወይዘሮ» የሚለውን አለፈች፣ ከዚያ ቆመች።

«ይቺን ግን አውቃታለሁ፤» አለች። «አራት ፊደል። ጢቾ፣ በከሰል፣ በሩ ላይ ጽፈህ ያሳየኸኝ አንተ ነህ።»

ደብተሩን ዘግታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ የተጠረገውን ቄጠማ በማዳበሪያ ከረጢት አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ጎሚስታ እያነከሰ ተከተላት።